ጨዋ ማለት ምን ማለት ነው? የብድር ቅጻችን ዘጠነኛ መስመር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጊንጪ፣ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ሁላችሁም ቁጥር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። የዓመቱ ገቢና ወጪ ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሆነ እሱን እያነበብን ቡናውን አናስቀዘቅዝም። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። «የሒሳብ ሠራተኞችን ስለ ቃል ምን አገባችሁ?» የምትል ትኖራለች። አገባን፤ ምክንያቱም ቃሉ የተጻፈው በብድር ቅጻችን ላይ ነው፣ ብርም እያስቆመብን ነው።

ቅጹን ታውቁታላችሁ። የአመልካቿ ስም፣ የቁጠባ ደብተር ቁጥር፣ እስከ ዛሬ የቆጠበችው፣ የጠየቀችው መጠን፣ ብድሩ የሚውልበት ሥራ፣ ዋሷ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ዘጠነኛው መስመር ላይ ሲደርስ «የአመልካቿ ጨዋነት» ይላል። ከጎኑ ሦስት ጎረቤቶች ምስክርነታቸውን የሚጽፉበት ባዶ ቦታ አለ። ሌሎቹን መስመሮች ደብተር ገልጠን እናረጋግጣለን፤ ይህኛውን የምናረጋግጥበት ደብተር የለንም።

በዚህ መስመር የተነሳ ሁለት ማመልከቻዎች ተንጠልጥለው ይገኛሉ። የባለቤቶቹን ስም አናነሳም፣ እዚህ ተቀምጠው ይሆናል። አንዷ አረቄ ቸርቻሪ ናት። ቤቷ ማታ ማታ ወንድ ይገባል፣ ይወጣል። ብድሩን የምትፈልገው አረቄውን ትታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ለመሸጥ ነው። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት ናት። የባሏ ወንድም መሬቱን «የወንድሜ ነው» ብሎ አረሰባት። ሽማግሌዎች «ታገሺ፣ አንቺ የጨዋ ልጅ ነሽ» አሏት። ሁለት ክረምት ታገሰች፣ በሦስተኛው ፍርድ ቤት ሄደች። ከሦስቱ ምስክሮች ሁለቱ በቅጿ ላይ ጨዋነቷ እንደሚያጠራጥራቸው ጻፉ። ይህቺ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት 25 ብር ቆጥባለች፣ አንድም ሳምንት አላሳለፈችም። በዓመት 1,300፣ በሦስት ዓመት 3,900 ብር ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን የቁጠባዋን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 11,700 ብር መበደር ትችላለች። እስካሁን ግን አልወሰደችም።

ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ልናየው ወደድን። ያገኘነውን ስንሰማ ግማሾቻችን ሳቅን፣ ግማሾቻችን ዝም አልን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙዎቻችን «ጨዋ» የመጣው ከጨው ነው፣ ጣዕም ያለው ሰው ማለት ነው እያልን ነው ያደግነው። ደስ የሚል ትርጉም ነው፣ ግን ቃሉ ሌላ ነው። በግዕዝ ጨው «ፄው» ይባላል። ምርኮኛ ደግሞ «ፄዋ» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ «ዘመነ ፄዋዌ» ሲባል ሰምታችኋል፤ እስራኤል ወደ ባቢሎን ተማርከው የኖሩበት ዘመን ማለት ነው። የግዕዙ «ፀ» በአማርኛ «ጨ» ሲሆን ፄው ጨው ሆነ፣ ፄዋም ጨዋ ሆነ። ድምፃቸው ተቀራረበ እንጂ ዝምድና የላቸውም። እንግዲህ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያያይዙት «ጨዋ» ብለን የምናሞግሳት ሴት በቃሉ ሥር ስትታይ ምርኮኛ ናት ማለት ነው።

ምርኮኛ እንዴት ሆኖ የተከበረ ሰው ሆነ? እዚህ ላይ ታሪኩ ረዘም ይላል፣ ታገሡን።

በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ነገሥታት «ጨዋ» የሚባል ሠራዊት ነበራቸው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እነዚህን የጨዋ ጭፍሮች በየአውራጃው አስፍሯቸዋል። ጭፍራው ሁሉ የየራሱ ስም ነበረው። ከነዚያ ስሞች አንዱ «ጃን አሞራ» ነው፤ ዛሬ በሰሜን በኩል፣ በስሜን ተራሮች አጠገብ የወረዳ ስም ሆኖ ይኖራል። ወታደሩ አለፈ፣ ስሙ ግን አገር ሆኖ ቀረ። መነሻቸው ከየዘመቻው የተማረኩና ንጉሡ የራሱ ያደረጋቸው ሰዎች እንደሆነ ይነገራል። ለንጉሡ እንጂ ለአካባቢው መኳንንት አይታዘዙም። ደመወዝ የላቸውም፤ በደመወዝ ፋንታ በመሬቱ ላይ መብት ይሰጣቸዋል፣ ገበሬው አርሶ ያበላቸዋል።

በዚህ ቦታ ላይ ቃሉ መገልበጥ ጀመረ። የማይቆፍር፣ የማያርስ፣ መሣሪያ የያዘ፣ ገበሬ የሚቀልበው ሰው «ጨዋ» ተባለ። ትናንት ተማርኮ የመጣው ሰው ልጁ ሲደርስ የመሬት ጌታ ሆነ። አንዳንዶች «ባለጌ» የሚለውንም ስድብ «ባለ አገር»፣ ማለትም የአገሩ ሰው፣ አራሹ ከሚለው ጋር ያዛምዱታል። እንዲህ ከሆነ ጨዋና ባለጌ መጀመሪያ የጠባይ ስም አልነበሩም፤ የሚበላና የሚያበላ ሰው ስም ነበሩ። እኛ የገበሬ ልጆች ይህን ስንሰማ ትንሽ ቆረቆረን። ጤፍ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ሞልቶ የሚሰጠው ሰው ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ፣ የሚቀበለው ስም ምስጋና ሆነ። መዝገብ ላይ ብናሰፍረው ዴቢቱና ክሬዲቱ ተገላብጦ የተጻፈ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 የኢማም አሕመድ ጦርነት ያን ሥርዓት አናጋው። ጭፍሮቹ ተበተኑ፣ ቃሉ ግን አልተበተነም። «ጨዋ» ቀስ በቀስ ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ሰው የተወለደ ማለት ሆነ። «የጨዋ ልጅ» ሲባል የማይሸጥ፣ የማይለወጥ ሰው ልጅ ማለት ነበር። ልብ በሉ፤ ምርኮኛ ከሚል ቃል ተነስቶ ምርኮኛ ያልሆነ ማለት ላይ ደረሰ። የተነሳበትን ትቶ ፊት ለፊቱ ያለው ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ጉዞ የሄደ ሌላ ቃል ብዙ አናውቅም።

ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት በ1916 ዓ.ም. በዚያው ዓመት ባርነትን የሚገድብ ሕግ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ተሻረ። ባሪያ በሕግ ካልኖረ «ጨዋ» ከማን ይለያል? እኛ እንደምናስበው ቀድሞም ከጎኑ የነበረው የጠባይ ትርጉም ያን ጊዜ ሜዳውን ለብቻው ያዘ። ጨዋ ማለት የታረመ፣ ያልተሳደበ፣ አፉን የሰበሰበ ሰው ሆነ።

ስለ ቤተ ክህነቱ አነጋገርም ጥቂት እንበል። እዚያ «ጨዋ» ማለት ካህን ያልሆነ፣ ከዚያም ያልተማረ ማለት ነው። ድሮ ሰው «እኔ ጨዋ ነኝ» ብሎ ደብዳቤ ለሌላ ያስነብብ ነበር። የሚገርመው የዚህ ጎረቤት የሆነው «መሃይም» ነው። እሱም የመጣው «መሃይምን» ከሚለው ግዕዝ ነው፤ የሚያምን፣ ምእመን ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት ካህን ያልሆነውን ሰው ይጠሩ ነበር። አንዱ ወጥቶ ሙገሳ ሆነ፣ ሌላው ወርዶ ስድብ ሆነ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. ፊደል የቆጠሩ እናቶቻችን «መሃይምነትን እናጥፋ» ሲባሉ ቃሉ ቀድሞ እምነትን ይናገር እንደነበር የነገራቸው ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን፣ ወደ እኛ ገበያ እንምጣ።

በገበያ «ጨዋ ነጋዴ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሚዛን አይሰርቅም፣ የተበደረውን ይከፍላል፣ ቃሉን አያጥፍም። «ጨዋ ሹፌር» ትርፍ አይጭንም፣ መልስ አይከለክልም። በወንድ ላይ ቃሉ የሚለካው ሰውዬው በሠራው ነው። «ጨዋ ሴት» ስንል ግን ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምንድን ነው? ድምፅዋ አይሰማም። ቀና ብላ አታይም። ቀሚሷ ረጅም ነው፣ ማታ አትወጣም። ገንዘብ ሲቆጠር ዘወር ትላለች። ወንዱን ባደረገው እንመዝነዋለን፣ ሴቷን ባላደረገችው። ቃሉ አንድ ነው፣ ሚዛኑ ሁለት። በሁለት ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ ጨዋ አንለውም ነበር።

ይህ ግን የኛ ቋንቋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ኮሌጅ ስንማር የሒሳብ መጽሐፎቻችን በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ «ሞደስት» የሚል ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ሞደስት ትርፍ፣ ሞደስት ዕድገት። ትንሽ፣ እዚህ ግባ የማይባል ማለት ነው። ይኸው ቃል በሴት ላይ ሲሆን ቁጥብ፣ አካሏን የሸፈነች ማለት ነው። ሥሩ በላቲን «ሞዱስ» ነው፤ ትርጉሙም መለኪያ፣ ልክ። በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ሞደስቲ» ልክን ማወቅ፣ ራስን መግዛት ማለት ነበር፤ ለወንዱም ለሴቷም። ብዙም ሳይቆይ በሴት ልብስና በሴት ገላ ላይ ተንጠለጠለ። በኋላ ደግሞ ማናቸውም አነስ ያለ ነገር «ሞደስት» ተባለ። ከልክ ተነስቶ ወደ መሸፈን፣ ከዚያ ወደ ማነስ ሄደ። በቢሮ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የምትመታዋን ጣውላ እንኳ ፈረንጆቹ «ሞደስቲ ፓነል» ይሏታል፤ የተቀመጠው ሰው እግር እንዳይታይ ናት። የኛ ቢሮ ጠረጴዛ ጣውላዋ ከወለቀች ቆይታለች፣ ሥራችን ግን አልቆመም።

የዚያ የላቲን ቃል ዘመዶች በቤታችን አሉ። «ሞዴል» ከዚያው ነው። «ኮመዲኖ» በጣሊያንኛ በኩል አድርጎ ከዚያው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ገቢ ሲሆን ሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22 ይቆረጣል። እንግዲህ እኛ የሒሳብ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሞዱስ ስንቆርጥ ነው የምንውለው። ልክን ማወቅ በዚህ በኩል ደስ ይለናል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ፈረመ። አማርኛችንም «ልከኛ» የሚል ቃል አለው፣ ከልክ የወጣ፣ ያማረ ቃል። ችግሩ «ልክሽን እወቂ» ስንባባል ነው። ያን ጊዜ ልኩ ተለክቶ የመጣው ከሌላ ሰው ቤት ነው።

ሌላ ዘመን ላይ ደግሞ ይህ ነገር አደባባይ ወጥቷል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃወሙ። አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ነው ብለው ለማየት የመጡትን ሴቶች አዋከቡ። እነዚያ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹ ናቸው፤ ገበሬው ስለ እነሱ ብዙ መልካም ነገር ይላል፣ እኛም እንላለን። ለአራሹ መሬት የጠየቁ ልጆች ለሴቷ ቀሚስ ርዝመት መወሰን የነሱ ድርሻ መስሎ መታየቱ ግን ይገርመናል። የሥርዓት ለውጥ ፈላጊውም፣ ሥርዓት ጠባቂውም በዚህች ነገር ላይ አንድ ቃል ይናገራሉ።

እዚህ ጊንጪ አብዛኞቻችን በቤታችን የምንናገረው ኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ለዚህ ሁሉ ነገር መነሻው «ሰፉ» ነው። ሰፉ ለሴት ብቻ የተሰፋ ልብስ አይደለም። አባት ለልጁ፣ ልጅ ለአባቱ፣ ሰው ለመሬቱ፣ ለዛፉ፣ ለውሃው የሚጠብቀው ክብርና ርቀት ነው። የጨሊሞን ጫካ ያለ አግባብ የሚቆርጥ ወንድ ሰፉን አፍርሷል። ሚስቱን የሚደበድብም እንደዚያው። ሰፉ ሲፈርስ ደግሞ ሴቶች ዝም አይሉም። ለዚህ «ሲንቄ» አለ። ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። አንዲት ሴት ስትበደል የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እየጮኹ ይወጣሉ። በዳዩ ካሣውን ሳይከፍል፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። ሲንቄ የያዙ ሴቶችን አቋርጦ የሚያልፍ ወንድ የለም። በተለይ በአርሲና በጉጂ እስከ ዛሬ ጠንክሮ ይታያል። እነዚያን ሴቶች ማንም «ጨዋ አይደሉም» አይላቸውም፤ እንዲያውም ሥርዓቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ዛሬ አንድ ባንክ ስሙን «ሲንቄ» ብሎታል። በበትሯ ስም ቼክ የሚጻፍበት ዘመን ላይ ሆነን በዝምታ የምትመዘን ሴት ስትኖር የትኛው ባህላችን እንደሆነ ይጠፋብናል።

በዚሁ በመንገዳችን ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት አዲስ ዓለም የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የትውልድ አካባቢ ናት። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጊዜው አነጋገር የጨዋ ልጅ ከተባለ የጨዋ ልጅ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ፄዋ ሆኑ ማለት ነው፣ በጥንቱ ትርጉም። ከዚያ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፣ ቲያትር ጻፉ፣ በ1950 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለመመረጥ ደግሞ ወጥቶ፣ በሰው ፊት ቆሞ፣ «ምረጡኝ» ማለት ያስፈልጋል። በቅጻችን ዘጠነኛ መስመር ላይ ሦስት ጎረቤቶች ስለ እሳቸው ምን ይጽፉ ነበር?

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ፤ ቃል ሲያዛባ የሚከፈለው በብር ነው ብለናልና።

ባለፈው ዓመት የቁጠባ ደብተሮችን ስናመሳክር ያየነውን እንንገራችሁ። ደብተሯን ስንሰጣት ሳታየው አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ የምትቋጥር አባል ብዙ ናት። «እዪው እንጂ፣ ልክ ነው?» ስንላት «ኧረ በእናንተ ላይ!» ትለናለች። አለማየቷ አክብሮት ነው፣ ይገባናል። ግን ደብተር ሳይመለከቱ መቀበል ለእኛም አይጠቅመንም። ነገ እኛ ለቅቀን ሌላ ሰው ቢመጣ፣ ያ ሰው እንደኛ ባይሆንስ? ጤፏን ለነጋዴ በዱቤ ሰጥታ ሦስት ገበያ «ይሉኝታ ይዞኝ» ሳትጠይቅ የቀረች አለች። ይሉኝታ ራሱ «ይሉኛል» ከማለት የወጣ ቃል ነው፤ ምን ይሉኛል እያለች ሳለ ነጋዴው ምንም አላላትም፣ አልከፈላትምም። ለባሏ ዋስ ሆና ፈርማ፣ ምን እንደፈረመች ያልጠየቀች አለች። ሁሉም ጨዋዎች ናቸው። በዘጠነኛው መስመር ሲመዘኑ ሁሉም አልፈዋል።

በሌላ በኩል ያቺ ባሏ የሞተባት እህታችን አለች። ያደረገችው ነገር በሕግ ሲታይ ምንድን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማፍራት፣ በማስተዳደርና በመጠቀም ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይላል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር። የእሷ ደብተር ላይ ስሟ አለ። ደብተሩን ይዛ ዳኛ ፊት ቀረበች። አልተሳደበችም፣ ድንጋይ አልወረወረችም፣ የሰው አላረሰችም። የራሷን ጠየቀች። ጨዋ ነጋዴን በምንመዝንበት ሚዛን ብንመዝናት፣ ማለትም ቃሏን መጠበቋን፣ ዕዳዋን መክፈሏን፣ የሰው አለመንካቷን ብናይ፣ ከእሷ በላይ ጨዋ ከየት እናመጣለን? የመሬቱ ነገር አሁንም በክርክር ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አንናገርም።

ስለ አረቄ ነጋዴዋም ያው ነው። አረቄ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጌሾውን መውቀጥ፣ ጭሱን መቀበል፣ ሌሊት መነሳት አለው። በዚያ ገንዘብ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የምትለን «ከዚህ ሥራ አውጡኝ» ነው። እኛ ደግሞ «መጀመሪያ ከዚያ ሥራ ውጪና ጨዋ ሁኚ፣ ከዚያ እናበድርሻለን» ካልናት የምትወጣበትን መሰላል ከላይ ሆነን ያዝንባት ማለት ነው። ብድሩ ለምጣድ ነው፤ ምጣዱን ዓይተን፣ ደረሰኙን ይዘን መከታተል እንችላለን። ማታ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያልን ደጅ ስናይ ማደር ግን የሒሳብ ክፍል ሥራ አይደለም።

አንዳንድ እናቶቻችን ሐሳቡን ስናካፍላቸው ቅር ብሏቸዋል። አንዷ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ «ልጆቼ፣ ጨዋነት ከጠፋ ምን ይተርፈናል? ብር ብቻ?» አሉን። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ማኅበራችን ያለ መያዣ የሚያበድረው ሰው ሰውን ስለሚያምን ነው። ባንክ ካርታ ይይዛል፣ እኛ የምንይዘው የሰው ቃል ነው። ስለዚህ ጠባይ አይታይ አንልም። እኚህ እናታችን ጨዋነት ሲሉ የሚናገሩት ስለ መተማመን ነው፣ ስለ ቀሚስ ርዝመት አይደለም፤ ጠይቀናቸው «እሱማ የራሷ ጉዳይ ነው» ብለውናል። እንደዚያ ከሆነ የምንፈልገውን በስሙ እንጥራው። ቃሉ ምርኮኛም፣ ወታደርም፣ ባለ መሬትም፣ ነጻ ሰውም፣ ያልተማረም፣ ዝምተኛም ሆኖ አልፏል። ስድስት ፊት ያለውን ቃል በአንድ መስመር ላይ አስቀምጠን ሦስት ጎረቤት ሙሉት ብንል እያንዳንዱ የራሱን ይሞላል፤ ደግሞም ሞልቷል።

«ጨዋ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣው እያልን አይደለም። ልጆቻችንን «ጨዋ ሁኑ» ማለታችን አይቀርም፤ ወንዶቹንም አብረን ብንል ጥሩ ነው። እያልን ያለነው ከቅጹ ይውጣ ነው።

ያዘጋጀነው የማሻሻያ ሐሳብ የቅጹ ጀርባ ላይ ታትሟል። በዘጠነኛው መስመር ምትክ ሦስት ጥያቄዎች ገብተዋል። አመልካቿ ባለፉት 12 ወራት ቁጠባዋን ሳታቋርጥ ከፍላለች ወይ? ቀድሞ የወሰደችው ብድር ካለ በጊዜው መልሳለች ወይ? በቡድኗ ስብሰባ ላይ ትገኛለች ወይ? መልሳቸው ከደብተርና ከቃለ ጉባኤ ይገኛል፤ ጎረቤት መጥራት አያስፈልግም። ዋስ እንደ ቀድሞው ይኖራል። አራተኛም ጨምረናል፣ እሱ ግን የሚመለከተው እኛን ነው፤ ገንዘብ ያዥዋ በየወሩ ስብሰባ የእያንዳንዷን አባል ደብተር ድምር ለራሷ ለአባሏ ጮክ ብላ ታነብላታለች፣ አባሏም «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ብላ ትመልሳለች። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን በጣታቸው ቢቆጥሩም ይበቃል፤ ቁጥር አያታልላቸውም፣ ገበያ ላይ አይተናቸዋል።

ሐሳቡ ከጸደቀ ሁለቱ ማመልከቻዎች በአዲሱ ቅጽ ተሞልተው የፊታችን ማክሰኞ ለብድር ኮሚቴው ይቀርባሉ። ካልጸደቀ በአሮጌው ይቆያሉ። ድምፅ የሚሰጠው ከቡናው በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት እጅ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ያሉትን ለመቁጠር ተቸግረን ነበርና እባካችሁ እጃችሁን ከነጠላው አውጥታችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ አሳዩን።